ጨረቃ ላይ ያለው ያልተመረቀ ጉድጓዳችን

ከሁሉ በፊት እንተማመን። ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ይህን የጻፈው እጄ ማንኪያ እንኳ ማንሳት ይንሳው። ጨረቃ ስላለችበት ብቻ «ይሄማ ተረት ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ ጨረቃን እኔ አላመጣኋትም፤ ድሮም እዚያው ነበረች። ማጣራት የፈለገ አንገቱን ቀና ያድርግ። ማዘጋጃ ቤቱን ማጣራት የፈለገ ደግሞ በሥራ ሰዓት ይሂድና ሰው ካገኘ ይጠይቅ።

በከተማችን ማዘጋጃ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሆኖ የሚሠራ አንድ ሰው አለ። እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ግን የሚጠራበት ስለጠፋ ሳይዝግበት አልቀረም። ከተማው በሙሉ «ማብራሪያ» ነው የሚለው። ስሙን ያገኘው በላቡ ነው። ውሃ ሲጠፋ ለምን እንደጠፋ ያብራራል፤ ውሃ ሲመጣም ለምን እንደመጣ ያብራራል። መብራት ሲሄድ ጨለማ ውስጥ ቆሞ፣ በባትሪ በሚሠራ ድምፅ ማጉያ ስለ መብራት ያብራራል። አንድ ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ ትልቅ ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። ሕዝቡ ተሰብስቦ አንጋጦ ሲያይ ማብራሪያ ብቅ አለና፣ «ሰዓቱ አልተበላሸም፤ ያለፉ ሥራዎቻችንን እየገመገመ ነው» አለ። ሰውም «እንደዚያ ነው እንዴ!» እያለ ወደየቤቱ ሄደ።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ብቻ ጥያቄ ሲቀርብለት ዝም ማለት፣ ምግብ ቀርቦለት እጁን አጣጥፎ እንደመቀመጥ ይሆንበታል።

ማብራሪያ ታላቅ እህት ነበረችው። እቴቴ ነው የሚላት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች አፍንጫውን የጠረገችለት፣ ደብተሩን የሸፈነችለት፣ ለቁም ነገር ያበቃችው እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ፊዚክስ አስተምራ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈች። እቴቴ ከቧንቧ ቁራጭና ከአሮጌ መነጽር በገዛ እጇ የሠራችው ቴሌስኮፕ ነበራት። እሱን ይዛ ጣሪያ ላይ ትወጣና ጨረቃ ላይ ያለ አንድ ጉድጓድ እያየች ትስላለች። ሌላ ጉድጓድ አትስልም፤ ያንኑ አንዱን ነው። ጥላው ሲረዝም ትስለዋለች፤ ጥላው ሲያጥር ትስለዋለች።

ጎረቤት መቼም ዓይን አለው። «እህትህ ጣሪያ ላይ ምን ታደርጋለች?» ብሎ ሲጠይቀው ማብራሪያ አፈረና፣ «አንቴና እያስተካከለች ነው» ብሎ አብራራ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ የተጣመመ አንቴናውን ተሸክሞ እቴቴ በር ላይ ይሰለፍ ጀመር። እሷም አንድም ሰው ሳትመልስ ጠገነችላቸው። ምን ታድርግ፤ ወንድሟ ተናግሯላ።

እንግዲህ አንድ ቀን ማብራሪያ ቢሮው ተቀምጦ ሳለ ስልክ ተደወለለት። የሴት ልጅ ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ የእትዬ ተማሪ ነበርኩ። አሁን ሥራዬ የጨረቃ ካርታ መሥራት ነው።»

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ ማብራሪያ፤ «በተለይ በአሁኑ ጊዜ በጣም አስፈላጊ ነው።»

«እትዬ የሳለቻቸውን ሥዕሎች የጨረቃ ጉድጓዶችን ስም ለሚያጸድቀው ማኅበር አሳይቻቸው ነበር። ያ ጉድጓድ እስከዛሬ ስም የለውም። በእሷ ስም እንዲጠራ ተስማምተዋል።»

ማብራሪያ ዓይኑ ሞላ። በግራ እጁ ክራቫቱን ያዘና እንደ መሃረብ ዓይኑን ጠረገበት።

«ምን ላድርግ ታዲያ የኔ ልጅ?»

«ቀላል ነው ጋሼ። በሕጋቸው መሠረት ስም የሚሰጠው ላረፈ ሰው ብቻ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ‹አዎ፣ እዚህ ኖራለች፣ አርፋለች፣ ስሟም እንዲህ ተብሎ ይጻፋል› ብሎ ማኅተም ያድርግበትና ይላክልኝ። አንዲት ገጽ ናት። ግን ማኅበሩ ሳይሰበሰብ መድረስ አለባት። ካልደረሰች ለዚያው ጉድጓድ የቀረበ ሌላ ስም አለ፤ ለእሱ ይሰጡታል። አንዴ ከተሰጠ ደግሞ አይነቀልም።»

«አንዲት ማኅተም!» ብሎ ሳቀ ማብራሪያ። «እሷማ አለቀች በያት።»

ካርታ ሠሪዋ ጉድጓዱ ምን እንደሚመስልም ነገረችው። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ትልቅ ድንጋይ ከሰማይ ተወርውሮ ጨረቃን ሲመታት የተፈጠረ ነው። ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። የውስጥ ግድግዳው እየተናደ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል። ወለሉ መሃል ላይ ተራራ ቆሟል። ከጠርዙ ወደ ውጭ ነጫጭ ጨረሮች ተበትነዋል። በአካባቢው ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች ደግሞ የትልቁን ስም ይወስዱና መለያ ፊደል ይጨመርላቸዋል። ማብራሪያ ይህን ሁሉ «አዎ፣ አዎ፣ እሱማ ይታወቃል» እያለ ሰማ።

ስልኩን ሲዘጋ በቀጥታ ወደ ከንቲባው ሄደ።

ከንቲባችን የምረቃ ሰው ናቸው። ሰው እስክሪብቶ በሚይዝበት ደረት ኪሳቸው መቀስ ይይዛሉ። መንገድ ላይ የተወጠረ ገመድ ካዩ፣ ልብስ ማስጫም ቢሆን፣ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ይሄዳል። በከተማችን ሴቶች ልብስ የሚያሰጡት ከንቲባው ካለፉ በኋላ ነው።

«ክቡር ከንቲባ» አለ ማብራሪያ፣ «ጨረቃ ላይ አንድ ጉድጓድ በእህቴ ስም ሊሰየም ነው።»

ከንቲባው ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። «ጉድጓድ?»

«አዎ።»

«ምን አድርጋቸው ነው?»

«ኧረ ክብር ነው ክቡርነትዎ!»

ከንቲባው በመስኮታቸው ወደ ዋናው መንገድ ተመለከቱ። አንድ ታክሲ ከጉድጓድ ለመውጣት እያጓራ ነበር። «ጉድጓድ ክብር ከሆነማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የእኛን ከተማ የሚያህል የተከበረ ከተማ የለም። ተራራ የላቸውም እንዴ? ለከተማችን ልጅ ተራራ ቢሰጧት ምን ይጎድልባቸዋል?»

«ተራራም አለው። ጉድጓዱ መሃል።»

«ተራራ ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማብራሪያ የመጣው ለማኅተም ነው። «እሱን ተዉት፤ ማኅተሟን ብቻ» ቢል ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም፣ እናንተም አታነቡም። ግን ጥያቄ ተጠየቀ። የጠየቁት ደግሞ አለቃው ናቸው። አፉ ከእሱ ቀድሞ ሄደ።

«ጉድጓድ ስንል ክቡርነትዎ፣ ተራ ጉድጓድ እንዳይመስልዎ። እንደ ስታዲየም ይዩት። ዙሪያውን ደረጃ ደረጃ መቀመጫ አለው። መሃል ያለው ተራራ የክብር እንግዶች ቦታ ነው።»

ከንቲባው ብድግ አሉ። እጃቸው መቀሱ ላይ አረፈ።

«ስታዲየም ነው የምትለኝ?»

«እንደ ስታዲየም።»

«ስታዲየም ከሆነማ ይመረቃላ!»

ይህን ለማያውቅ ሰው የከተማችንን ደንብ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ሪባን ያልተቆረጠለት ነገር ስም የለውም፤ ስም የሌለው ነገር ደግሞ አለ አይባልም። ድልድያችን ከንቲባው ታመው በነበረበት ጊዜ ስላለቀ ለረጅም ጊዜ «ያ ነገር» ነበር የሚባለው። «ያ ነገር ላይ እንገናኝ» ይባባሉ ነበር ወጣቶች። አውቶቡስ ተራ ያለው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ደግሞ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ምረቃ እየጠበቀ ተቆልፎ ከረመ። ሕዝቡ ምረቃውን በዙሪያው ሆኖ ጠበቀ። ሽታው እስከዛሬ አለ።

«ስለዚህ» አሉ ከንቲባው፣ «መጀመሪያ ምረቃ፣ ከዚያ ስም፣ ከዚያ ማኅተም። ኮሚቴ ይቋቋም።»

ኮሚቴው ተቋቋመ። መሐንዲሱ፣ የሕግ ክፍል ኃላፊዋ፣ የመንገድ ክፍሉ ኃላፊ፣ ነዋሪውን የሚወክሉ አንድ ጡረተኛ፣ ሰብሳቢው ከንቲባው፣ ማብራሪያም ራሱ። ካርታ ሠሪዋ የላከችው የጉድጓዱ ፎቶግራፍ በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሻይ መጣ። ብስኩት መጣ። መሐንዲሱ መጠቆሚያ ዱላውን ይዞ ተነሣ።

«እንደ ባለሙያ መናገር ካለብኝ» አለ፣ «የሥራው ጥራት ዝቅተኛ ነው። ግድግዳው በዚህ በኩል ተንዷል፤ በዚያም በኩል ተንዷል። መሃል ላይ ያለው ተራራ የሚባለው የአፈር ክምር ነው። ሥራ ተቋራጩ ቆፍሮ ያወጣውን አፈር ሳያነሣ ጥሎ ሄዷል። እንዲህ ያለ ሥራ እኔ አልረከብም።»

«ክምሩ የክብር እንግዶች ቦታ ነው አልተባለም?» አሉ ከንቲባው።

«በፕላኑ ላይ ካለ ይሁን» አለ መሐንዲሱ፣ ፕላኑን ሳያይ።

የሕግ ክፍል ኃላፊዋ መነጽሯን አወረደች። «ሥራ ተቋራጩ ማን ነው?»

«ሥራ ተቋራጭ የለም» አለ ማብራሪያ። «ከሰማይ የተወረወረ ድንጋይ ነው።»

«ማን ወረወረው?»

«እሱ ገና አልታወቀም። የሆነው ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው።»

«እንግዲያው በይርጋ ታግዷል። የወረወረው ቢያዝም አይከሰስም» አለችና ጻፈች። «የቁፋሮ ፈቃድስ ነበረው?»

«በዚያን ጊዜ ፈቃድ የሚሰጠው በቃል ነበር» ብሎ አብራራ ማብራሪያ። ራሱም ከየት እንዳመጣው ገርሞት ብስኩት አነሣ።

ከንቲባው እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢ ሆነው እጅ ማውጣታቸው ትሕትናቸውን ያሳያል። «አንድ ነገር ይጣራልኝ። ድንጋዩ ተጥሏል?»

«ተጥሏል።»

«እንግዲያውስ የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል ማለት ነው!»

ጭብጨባ ሆነ። ቃለ ጉባኤው ላይም «የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ ሦስት ቢሊዮን ዓመት የሞላው፣ ሥራው ግን በመጓተት ላይ ያለ ፕሮጀክት» ተብሎ ሰፈረ። ጡረተኛው ጎናቸው ወዳለው ሰው ጠጋ ብለው፣ «ይገርማል፤ የእኛ ሆስፒታል በመጓተት አንደኛ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

የመንገድ ክፍሉ ኃላፊ እስከዚያ ድረስ ከጉድጓዱ የሚወጡትን ነጫጭ ጨረሮች እያየ ፈዝዞ ነበር። በመጨረሻ ትልቅ ትንፋሽ አወጣ።

«መንገድ ናቸው» አለ። «እዩአቸው! ቀጥ ብለው፣ በሁሉም አቅጣጫ፣ አንድም መታጠፊያ የላቸውም። እኛ ዘንድ ከመንገድ ጉድጓድ ይወጣል፤ እነሱ ዘንድ ከጉድጓድ መንገድ ይወጣል። ሄደን ልምድ መቅሰም አለብን።»

በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጨረቃ ለጊዜው ትራንስፖርት ስለሌላት ልምዱ የሚቀሰመው ከአንድ ሐይቅ ዳር ሆቴል እንዲሆን ተደረገ። ሐይቅ ማለት ውሃ የገባበት ጉድጓድ ነው ብሎ ያብራራው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ኮሚቴው ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ ተመለሰና፣ «ከአባላቱ መካከል ዋና የሚችል ባለመኖሩ ጥልቀቱን ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚል ሪፖርት አቀረበ።

በዚህ መሃል ካርታ ሠሪዋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ማኅተሙስ?»

«በሂደት ላይ ነው የኔ ልጅ።»

«ጋሼ፣ ማኅበሩ ከእናንተ ማዘጋጃ ቤት አንድ ጥያቄ ደረሰው። ‹የተመልካች መቀመጫው ጥላ አለው ወይ?› ይላል። ማን ነው ስታዲየም ያለው?»

«እሱ እንኳ እንደ ምሳሌ የተነገረ ነው።»

«እሺ ጋሼ። ብቻ ስብሰባቸው እየደረሰ ነው። እባክህ እትዬን አስባት።»

ስልኩን ሲዘጋ ጆሮው ትኩስ ነበር። ይሄን ጊዜ ቢሮጥና «ተዉት፤ ስታዲየም አይደለም» ቢል የሚሻል መሰለው። እንዲያውም ተነሥቶ እስከ ከንቲባው በር ድረስ ሄዷል። በሩ ላይ ግን «የጨረቃ ስታዲየም ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት» የሚል ሰሌዳ ተለጥፎ አገኘ። ያልደረቀው ቀለም ገና ይሸታል። አባቶች «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት እንዲህ ያለ ሰሌዳ አይተው መሆን አለበት። ተመለሰ።

ቀጥሎ ፊደል መጣ። ትንንሾቹ ጉድጓዶች የትልቁን ስም ወስደው ፊደል ይጨመርላቸዋል የሚለው ሲነበብ ኮሚቴው በአንድ ጊዜ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት መሆናቸው ገባው። ቅርንጫፍ ካለ ደግሞ ኃላፊ አለ። መሐንዲሱ «ሀ» ላይ ተመደበ። የሕግ ክፍል ኃላፊዋ «ለ» ደረሳት።

«በምን መስፈርት ነው እሱ ሀ፣ እኔ ለ የምሆነው?» ብላ ጠረጴዛ መታች።

«የእኔ እኮ ጠርዙ የተሸራረፈ ነው እህቴ» አለ መሐንዲሱ፤ «ትወስጂዋለሽ?»

«አልወስድም! ያንተን ሽርፍራፊ ለራስህ አድርገው! የምጠይቀው መርሕ ነው!»

የመንገድ ክፍሉ ኃላፊ ከሁሉም የራቀው «ሐ» ስለደረሰው የበረሃ አበል ጠየቀ። አየር የለም፣ ውሃ የለም፣ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው የለም አለ። ማብራሪያ ተገቢነቱን አብራራ፤ ተፈቀደለት። ሰውዬው ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢሮ አይገባም። የት ሄደ ሲባል «ቅርንጫፍ ላይ ነው» ይባላል።

ማብራሪያ ቤት ደግሞ ሚስቱ አለች። ሚስቱ የጥርስ ሐኪም ናት፤ አፉን ከፍቶ ብዙ የሚቆይ ሰው አይገርማትም።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ሳህን እያጠበች፣ «እቴቴን በሕይወቷ አንቴና ጠጋኝ አደረግካት። ስትሞት ደግሞ ኳስ ሜዳ ልታደርጋት ነው?»

«የምረቃው ቀን ማኅተሙ ይመታል። ቃል ገብተውልኛል።»

«ማኅተም ለመምታት መቀስ ምን ያደርጋል?»

ሊያብራራላት አፉን ከፈተ። አየችው። የእሷ አስተያየት መርፌ አለው፤ ዘጋው።

ያን ዕለት የእቴቴን ሥዕሎች ከአልጋው ሥር አውጥቶ መሬት ላይ ደረደራቸው። ሁሉም ያው አንድ ጉድጓድ ነው። ግን አንዱ ላይ ተራራው ብቻ ከጨለማ ብቅ ብሏል፤ አንዱ ላይ ጠርዙ እንደ ቀለበት ያበራል፤ አንዱ ላይ ጥላ የለም፣ ጨረሮቹ ብቻ እንደ ፀጉር ተበትነዋል። ለምን እንደሚለዋወጥ ሊገባው አልቻለም። ለራሱ ሊያብራራ ሞከረ፤ ራሱን ማሳመን ግን ሕዝብን እንደማሳመን አይቀልም። ሰብስቦ መልሶ አስገባቸው።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ማኅበሩ የሚሰበሰበውም በዚያው ቀን ነው። ካርታ ሠሪዋ ማልዳ ደውላ፣ «ጋሼ፣ እስከ እኩለ ቀን ካልደረሰኝ በቃ አለቀ» አለችው። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከመድረኩ በላይ «ጉድጓዳችን ኩራታችን!» የሚል ጨርቅ ተወጥሯል። የጉድጓዱ ፎቶግራፍ ፊት ለፊት ቀይ ሪባን ታስሯል። ከሪባኑ አጠገብ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ እቴቴ መኖሯንና ማረፏን የምትመሰክረው ገጽ፣ ከገጿ አጠገብ ማኅተሙና የቀለሙ ንጣፍ። ከማብራሪያ እጅ የአንድ ክንድ ርቀት ናቸው። ሪባኑ እንደተቆረጠ ማኅተሙ ይመታል፣ ገጿ ትላካለች፤ ሁሉ ያልቃል።

ከንቲባው መቀሳቸውን አወጡ። ጣታቸውን አስገቡ። ሕዝቡ ለማጨብጨብ እጁን ከፈተ።

«ጥያቄ አለኝ» አሉ ጡረተኛው።

ከንቲባው መቀሱን እንደከፈቱ ቆሙ። ጡረተኛው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ጨረቃ ያለችው ከላያችን ነው። ጉድጓዱ ወደ እኛ የሚያይ ከሆነ አፉ ወደ ታች ነው ማለት ነው። የተደፋ ጉድጓድ ነው። የተደፋ ጉድጓድ ጉድጓድ ይባላል? ተራራውስ ተገልብጦ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው? የክብር እንግዶቹ ቢወድቁ የሚወድቁት እኛ ላይ ነው። ያውም በክብራቸው ልክ ከባድ ናቸው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ጣሪያውን ቀና ብሎ ያየም ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። መሐንዲሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተጠራጠረ መሆኑን ተናገረ።

«ጸጥታ!» አሉ ከንቲባው። «ማብራሪያ ይሰጥበታል።»

ማይክሮፎኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጣ። ማብራሪያ ተቀበለው። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንዘፈዘፋል። ማኅተሙን አየ። ፎቶግራፉን አየ። ግራ በኩል ያለውን ጥላ አየና እቴቴ ስንት ጊዜ እንደሳለችው አስታወሰ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አላውቅም» አለ።

ድምፅ ማጉያው ቃሏን ተቀብሎ ወደ አራቱም ማዕዘን ወረወራት። ሰው ተያየ። አንዲት ሴት ጎረቤቷን «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ጎረቤቷም «እኔ እንጃ፤ የታመመ ይመስለኛል» አላት። የሕግ ክፍል ኃላፊዋ አንድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ እንዲህ ማለት ይፈቀድለት እንደሆነ ደንቡን ታገላብጥ ጀመር። «ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይገባ!» ብሎ ጮኸ መሐንዲሱ።

«አላውቅም» አለ ማብራሪያ እንደገና፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለው። «ስታዲየምም አይደለም። እኔ ነኝ ያልኩት። ጉድጓድ ነው። እህቴ ጣሪያ ላይ ስትወጣም አንቴና አልነበረም፤ ይሄን ነበር የምታየው። ምን እየሆነ እንደሆነ አንድ ቀን ወጥቼ ጠይቄያት ቢሆን ዛሬ እነግራችሁ ነበር። አልጠየቅኳትም።»

ከንቲባው በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው ስለማያውቁ ምን እንደሚደረግ ግራ ገባቸው። በድንጋጤ መቀሱን አስቀምጠው በእጃቸው የገባውን ነገር አነሡ። የገባው ማኅተሙ ነበር። መቱት። ገጿ ተላከች። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጠራ፤ ካርታ ሠሪዋ እያለቀሰች፣ «ደርሶኛል ጋሼ። ስሟ ጸደቀ» አለችው። ማብራሪያም ክራቫቱን አነሣና ዓይኑን ጠረገ።

እንዴት ያምራል!

እንግዲህ ሁሉም እንደነገርኳችሁ እውነት ነው። የበረሃ አበሉ እውነት ነው። በይርጋ የታገደው ድንጋይ እውነት ነው፤ ፋይሉ አለ። ሐይቁም፣ የተደፋው ጉድጓድም እውነት ናቸው። እኔ ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «አላውቅም» የምትለዋን። እሷን ሳስገባት ከኋላዋ ያሉት ተከትለዋት ገቡ እንጂ እኔ አልጠራኋቸውም። በእኛ አዳራሽ ያቺ ቃል ተሰምታ አታውቅም፤ ድምፅ ማጉያውም የሚችላት አይመስለኝም።

የሆነው እንዲህ ነው። ማብራሪያ ማይክሮፎኑን ተቀብሎ፣ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ተደፉ ጉድጓዶች አፈጣጠር፣ ዓይነትና ጥቅም እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አብራራ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። እሱ እጅ ሲነሣ ኪሱ ውስጥ የነበረው ስልክ መንዘፍዘፉን ትቶ ነበር።

ጉድጓዱ ዛሬ የሌላ ሰው ስም አለው። ኮሚቴው ግን አልፈረሰም። ጡረተኛው ለጠየቁት ጥያቄ ምስጋና ይግባቸውና ንዑስ ኮሚቴዎች ተጨመሩበት፤ ከንቲባው ሥራ ስለበዛባቸውም ሰብሳቢው ማብራሪያ ሆኗል። እኔም የጨረቃ ነፋስ ንዑስ ኮሚቴ አባል ነኝ። ጨረቃ ላይ ነፋስ የለም እያሉ የሚያናፍሱ ሰዎች አሉ። ከየት ወዴት እንደሚነፍስ ሰፊ ማብራሪያ ሰጥቻቸዋለሁ።